ካርቶኑ የፈተነው ካርቶንን ነው፦ ስለ ራስ-ሰር ፍሬን ሙከራ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ አሽከርካሪዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። አዲሶቹ መኪኖች፣ በተለይም ከቻይና የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ አደጋ ሲቃረብ ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ ስለሚባለው ሲስተም የተጻፈ ነው። ሐሳቡ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ማንም ሰው ባዶ ሜዳ ላይ የፍሪጅ ካርቶን አቁሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ ሲስተሙን መፈተን ይችላል፤ ሜዳ ያጣ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማው እየዞረ ከፊቱ ሰው ያሳልፍ፤ በደኅንነት ፈተና አምስት ኮከብ ያገኘ መኪና ለማንኛውም ነገር ይቆማል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ካልበራ ሲስተሙ ጤነኛ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ሁለተኛ ፍሬን ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ያስቸግራልና ይጥፋ።

የጸሐፊው ቅንነት አያጠራጥርም። ሰው የገዛው ዕቃ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ አለበት ማለታቸውም ልክ ነው። ከሰጡት ምክር ግን የመጨረሻዋ ነጥብ ብቻ በግማሽ እውነት ናት፤ ሌሎቹ ስህተት ናቸው፤ የክሪኩ ደግሞ ሰው ይገድላል። በተራ እንያቸው። (ከታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ካርቶን አቁማችሁ በ30 ንዱ»

አብዛኞቹ መኪኖች ፊት ለፊታቸውን የሚያዩት በሁለት ዓይን ነው። አንዱ ከግሪሉ ወይም ከባምፐሩ ጀርባ የተቀመጠ፣ በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ራዳር ነው። ሌላው የፊት መስታወቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል ከኋላ ማሳያው አጠገብ የተገጠመ ካሜራ ነው። ባዶ ካርቶን ለራዳር የለም ማለት ይቻላል፤ ሞገዱ አልፎት ይሄዳል። ካሜራው ደግሞ የሠለጠነው የመኪና ጀርባን፣ እግረኛንና ብስክሌተኛን እንዲለይ ነው፤ ቡናማ ሣጥን ከነዚህ አንዱም አይደለም። መኪናው ካርቶኑን ጥሶ ቢያልፍ ሲስተሙ ሞቷል ማለት አይቻልም፤ ቢቆምም ሰው ፊት ይቆማል ማለት አይቻልም። የተፈተነው ካርቶኑ ነው።

ጸሐፊው ይህን የጠረጠሩ ይመስላል፤ «ካልቆመ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉት» ብለዋል። እርግጥ ያኔ ራዳሩ ብረት ያያል። ግን መንገድ ላይ የቆመ ብረት ሞልቷል፦ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ የመንገድ ምልክት፣ የድልድይ አጥር። መኪናው ለእያንዳንዱ ደንግጦ ቢቆም ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውኃ ሰፈር አልፎ የሚሄድ አይኖርም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሲስተሞች ራዳሩ ያየውን የቆመ ነገር ካሜራው «አዎ፣ መኪና ነው» ብሎ ካላጸደቀላቸው በኃይል ፍሬን አይይዙም።

ይህን ሙከራ በሥርዓት የሚሠሩት ምን ያደርጋሉ? የአዳዲስ መኪኖችን ደኅንነት ፈትኖ ኮከብ የሚሰጠው የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ ራስ-ሰር ፍሬንን በነጥብ መመዘን የጀመረው በ2014 ነው፤ እግረኛ በ2016፣ ብስክሌተኛ በ2018፣ ሞተር ሳይክል ደግሞ በ2023 ተጨመሩ። ዒላማው ከስፖንጅ ፓነሎች የተገጣጠመ የውሸት መኪና ነው። ላዩ የእውነተኛ መኪና ምስል የታተመበት ጨርቅ ለብሷል፤ ውስጡ ሞገድ የሚመልሱና ሞገድ የሚውጡ ነገሮች በልክ ተደርገውበት ለራዳር ከየአቅጣጫው መኪና መስሎ ይታያል። የሚጋልበው እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ በሆነ፣ የመኪና ጎማ ሊወጣበት በሚችል ሮቦት ላይ ነው። ሲመታ ይበታተናል፤ ተለቅሞ ይገጣጠማል፤ ሙከራው ይቀጥላል። የእግረኛው አሻንጉሊት ደግሞ እግሩን እያወዛወዘ ይራመዳል፤ ራዳር ሰውን ከቆመ ግንድ የሚለይበት አንዱ ምልክት የእግር መወዛወዝ ስለሆነ ነው። ኮት የለበሰ ምሰሶ ይህን አያደርግም።

ሁለተኛው ችግር መሪ የያዘው ሰው ነው። ሲስተሙ ሹፌሩ ራሱ እያመለጠ ነው ብሎ ካመነ ጣልቃ አይገባም፤ መሪ በፍጥነት ሲዞር ወይም የፍጥነት ፔዳሉ ጠንከር ብሎ ሲረገጥ ሥልጣኑን ለሹፌሩ ይለቃል። ካርቶን እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ ዝም የሚል እግር የለም። አንዱ ፔዳሉን ይለቃል፣ አንዱ ሳያውቀው ፍሬን ይነካል፣ ሌላው መሪውን በትንሹ ይሰብራል። ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው ውጤት የሹፌሩ ድፍረት ነው። በእውነተኛው ሙከራ መሪውንና ፔዳሎቹን የሚይዘው ማሽን ነው፤ የመኪናው ቦታ በሳንቲ ሜትር በሚለካ የሳተላይት መሣሪያ ይመዘገባል።

መኪናው ወደ ዒላማው ከመላኩ በፊትም ፍሬኑ እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሻል፦ ከ56 ኪሎ ሜትር በሰዓት 10 ጊዜ በመካከለኛ ኃይል ማቆም፣ ወዲያው ከ72 ኪሎ ሜትር በሰዓት 3 ጊዜ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እስኪሠራ ድረስ መርገጥ፣ ከዚያ ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ በ72 አካባቢ 5 ደቂቃ መንዳት። መሬቱ ደረቅ አስፋልት ነው፤ ነፋሱ በሰከንድ ከ10 ሜትር መብለጥ የለበትም። ጠጠር የበዛበት ሜዳ ላይ በቀዝቃዛ ፍሬን አንድ ጊዜ ብቻ የተነዳ መኪና ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ምንም የለውም።

«በክሪክ አንስታችሁ ሰው አሳልፉ»

ይህን ማንም አያድርግ። ውጤትም የለውም፦ ሁለት ጎማ እየዞረ ሁለቱ ሲቆም፣ መኪናውም ወደፊት አለመሄዱን የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ሲናገር፣ የመረጋጊያ ሲስተሙ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚይዘው) ይህን እንደ ብልሽት መዝግቦ ራስ-ሰር ፍሬኑን ሊያጠፋው ይችላል። ክሪኩ ከተንሸራተተ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከዜሮ ጀምሮ ስለሚሰጥ መኪናው ፊቱ የቆመውን ሰው ይዞ ይሄዳል። የአምራቾች መመሪያ መጽሐፍም መኪናው ሮለር (ቆሞ ጎማው የሚዞርበት የፍተሻ ማሽን) ላይ ሲወጣ ሲስተሙ ይጥፋ እንጂ ይፈተን አይልም።

«አምስት ኮከብ ለማንኛውም ነገር ይቆማል»

የዩሮ ኤንካፕ ኮከብ እስከ 2025 የአራት ነገሮች ድምር ነበር፦ የአዋቂ ተሳፋሪ ደኅንነት፣ የሕፃናት ደኅንነት፣ የእግረኞችና የብስክሌተኞች ደኅንነት፣ የአሽከርካሪ አጋዥ ሲስተሞች። ራስ-ሰር ፍሬኑ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ነበር። ከዚህም በላይ ኮከቡ የተሰጠው ለአንድ ገበያ፣ ለአንድ ዓመትና ለአንድ ሶፍትዌር ነው። ለአውሮፓ የተሠራ የቶዮታ ቢዜድ ፎር ኤክስ ያገኘው ውጤት በቻይና ተሠርቶ በጅቡቲ በኩል ለመጣው ወንድሙ በራሱ አይተላለፍለትም። ይህ ማለት የቻይናው ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የቻይናው ሲ-ኤንካፕም ከ2018 ጀምሮ ይህን ፍሬን ይመዝናል። የራሱን ውጤት ፈልጎ ማየት ነው የሚያስፈልገው።

«ማንኛውም ነገር» የሚለው ግን ከሁሉ የባሰ ነው። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት ኢንስቲትዩት በ2024 ፈተናውን አክብዶ፣ በሰዓት 50፣ 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ከመኪና፣ ከሞተር ሳይክልና ከከባድ መኪና ተሳቢ ጀርባ አስነዳ። ከ10 አነስተኛ ኤስዩቪዎች «ጥሩ» ያገኘው ሱባሩ ፎሬስተር ብቻ ነበር፤ ከሌሎቹ መካከል ከዚያ በፊት በቀላሉ ፈተና የተመሰገኑ ነበሩ። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2019 ደግሞ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ መኪኖችን በሁለት የቆሙ መኪኖች መካከል ብቅ ከሚል የሕፃን አሻንጉሊት ጋር ሲያገናኝ ከ100 ጊዜ 89 ጊዜ ተጋጭተዋል። በጨለማማ እግረኛን የማየት አቅማቸው ከንቱ ነበር።

አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሰኞ ገበያ ቀን የሚወጣውን መንገድ እናስብ። አህያ፣ ግመል፣ በግ፣ ጭድ የተጫነበት አህያ፤ የመጨረሻው ለካሜራ የሚሄድ ክምር ነው። በዩሮ ኤንካፕ ዒላማዎች ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ትልልቅ እንስሳትን ለመለየት የሠሩ አምራቾች አሉ፣ ቮልቮ አንዱ ነው፤ የሌላው መመሪያ መጽሐፍ ግን እንስሳን ላያውቅ እንደሚችል በግልጽ ይጽፋል። ባጃጅም እንዲሁ ነው፦ ጀርባው ሸራ፣ ብረቱ ጥቂት፣ ቅርጹ መኪናም ሞተር ሳይክልም ያልሆነ። አንዱ መኪና በደንብ ይለየዋል፣ ሌላው ዘግይቶ ይለየዋል፣ ሌላው ጭራሽ ያልፈዋል።

«መብራት ካልበራ ጤነኛ ነው»

በእኛ ግምት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ የሚናገረው ሽቦው እንዳልተቆረጠ፣ ሴንሰሩ መልስ እየሰጠ እንደሆነና መስኮቱ እንዳልተሸፈነ ነው። ሴንሰሩ ወዴት እንደሚያይ ግን ሁልጊዜ አይናገርም። ራዳር በ1 ዲግሪ ሲጣመም በ50 ሜትር ርቀት ላይ 87 ሳንቲ ሜትር ይስታል፤ በ100 ሜትር ከ1 ሜትር ከ70 በላይ ነው፤ ይህ የአንድ ሌን (የመንገድ ረድፍ) ግማሽ ስፋት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ፊቱ ያለውን አይሱዙ ትቶ ከጎኑ የሚሄደውን ይከተላል፤ ዳሽቦርዱ ግን ጸጥ ሊል ይችላል።

ምን ያጣምመዋል? ትንሽ ግጭት ይበቃል። ባምፐሩ በባትላሜራ ተቀጥቅጦ፣ በስቱኮ ተሞልቶ፣ በብረታማ ቀለም ሲቀባ ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ራዳሩ ፊት የተቀመጠው ወፍራም ስቱኮ ግን ሞገዱን ያዳክመዋል፣ ያጎብጠዋል። የተሰበረ ዓርማ በገበያ ዓርማ ሲተካም ችግር አለ፤ ራዳር ያለበት ዓርማ ሞገድ እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ በክሮም የተለበጠው አያሳልፍም። የብረት ጋርድና ያለቦታው የተገጠመ የሰሌዳ ማሰሪያ ደግሞ ዓይን ላይ እጅ እንደ መጫን ናቸው።

በካሜራው በኩል ዋናው ጉዳይ የፊት መስታወት ነው። መስታወት ተቀይሮ ካሜራው ሳይስተካከል የወጣ መኪና ራስ-ሰር ፍሬን እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። የቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት በካሜራው መስኮት ላይ ሲለጠፍ፣ ጥቁር ላስቲክ ከላይ ሲወርድ፣ መቁጠሪያ ወይም ጌጥ ፊቱ ላይ ሲወዛወዝ፣ ያረጀ የዝናብ መጥረጊያ መስታወቱን ሲያጭረው፣ ሁሉም ያው ነው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን ያያል እንጂ ራዳሩ ወዴት እንደሚያይ አይጠይቅም።

ማስተካከያው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መኪናው ቆሞ ነው፦ ጭነቱ ወርዶ፣ የጎማው ነፋስ ተለክቶ፣ አላይመንት ቀድሞ ተሠርቶ (የኋላ ጎማ ከተጣመመ ራዳሩን ማቃናት ከንቱ ነው)፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ የመኪናው መሐል መስመር በቱንቢና በክር ወለሉ ላይ ይወጣል። ከዚያ አምራቹ በሚለው ርቀትና ከፍታ ለካሜራው ጥለት ያለበት ሰሌዳ፣ ለራዳሩ ባለ ሦስት ገጽ የብረት አንጸባራቂ ይቆማል፤ ስካነሩ ቀሪውን ያደርጋል። ወለሉ ውኃ ልክ መሆን አለበት። እንደ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር በተሠራ ከተማ ውኃ ልክ የሆነ 10 ሜትር ወለል ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በዚህ ኮምቦልቻ ትበልጣለች። ሁለተኛው መንገድ እየተነዳ ነው፦ ስካነሩ ተሰክቶ፣ የመንገድ መስመሩ ጎልቶ በሚታይበት ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ እንደ ሞዴሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ መሄድ። ቀለሙ በለቀቀ መንገድ ላይ አያልቅም፤ ስካነሩ «በሂደት ላይ» እንዳለ ሰው ይሰለቻል፣ ነቅሎት ይሄዳል። ያኔ ካሜራው የቆየው በድሮው ልክ ነው።

ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚችል፣ ማንንም የማይጎዳ ሙከራ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ቀጥ ባሉት ቦታዎች፣ በቀን፣ በደረቅ አስፋልት፣ ከፊት መኪና 3 ሰከንድ ርቀት ጠብቆ መከተል። ብዙ መኪኖች ሴንሰሩ የያዘውን መኪና በዳሽቦርድ ላይ በሥዕል ያሳያሉ። አብሮ የሚሄድ ሰው (ሹፌሩ አይደለም) ሥዕሉ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጠፋ ይመዝግብ። ፊት ያለው መኪና ቀጥ ብሎ እየሄደ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ከጎን የሚመጣውን ካሳየ፣ ወደ ማስተካከያ መሄድ ነው። ለየብቻው ደግሞ የፍሬን ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳላነሰ፣ የፍሬን ዘይቱ 2 ዓመት እንዳላለፈው ማየት፤ ባዶና ደረቅ ቦታ ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በራስ እግር አጥብቆ ይዞ መኪናው ወደ ጎን እንደማይጎትት ማረጋገጥ።

«ለሐረጎ ሁለተኛ ፍሬን ነው»

ሁለተኛ ፍሬን የለም። ሲስተሙ የሚያደርገው የመረጋጊያውን ፓምፕ አዝዞ ያንኑ ዘይት ወደዚያው ፍሬን መግፋት ነው። ሸራው በሙቀት ከከዳ ለሰው እግርም ለኮምፒውተርም እኩል ይከዳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይፈላም፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። የፈላ ዘይት አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 600 ሜትር ገደማ እንወርዳለን። በደረቅ የሙከራ አስፋልት ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሙሉ ፍሬን የያዘ መኪና በ11 ሜትር ያህል ይቆማል። ያንኑ መኪና ሐምሌ ላይ፣ ጭቃና የመኪና ዘይት በቀባው እርጥብ አስፋልት ላይ፣ 6 በመቶ ቁልቁለት ላይ እናስቀምጠው። ጎማው የመያዝ አቅሙ ከ0.9 ወደ 0.4 ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ 0.06 ይቀንስበታል፤ የሚቀረው 0.34 ነው። መቆሚያው 29 ሜትር ይሆናል። አብዛኞቹ ሲስተሞች አስፋልቱ እርጥብ መሆኑን አስቀድመው አያውቁም፤ ለ11 ሜትር በሚበቃ ጊዜ ከያዙ፣ መኪናው ሜዳ ላይ በቆመበት ቦታ እዚህ ሲደርስ ገና በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ሲስተሙ አልተበላሸም። ሙከራው የተሠራበት መሬት ሌላ ነው።

ኩርባውም አለ። አንድ የዩሮ ኤንካፕ ዙር የሚጀምረው ለመጋጨት 4 ሰከንድ ሲቀር ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይህ 56 ሜትር ቀጥ ያለ፣ ግልጽ መንገድ ይፈልጋል። ሐረጎ ላይ ያንን ያህል የሚያሳይ ኩርባ ስንት ነው? በጠባብ ኩርባ ላይ ራዳሩ የሚያየው ገደሉን ወይም ግድግዳውን ነው፤ ተሳቢው የቆመው ከዚያ ጀርባ ነው። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ራዳሩ ጉሙን አልፎ ቢያይም ካሜራው ስለማያጸድቅለት ሲስተሙ ይደክማል ወይም ራሱን ያጠፋል። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፊት የምትመታ ፀሐይም ተመሳሳይ ሥራ ትሠራለች።

ለኤሌክትሪክ መኪና አንድ ተጨማሪ ነገር። ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው በሞተሩ የሚይዘውን ፍሬን ያጣዋል፤ የሞላ ባትሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ሥራው ሁሉ ወደ ሸራው ይሄዳል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያም ጥሩ ድርሻውን የጎማና የነፋስ ትግል ይበላዋል። ስለዚህ 90 በመቶ ላይ ነቅሎ መውረድ ከበቂ በላይ ነው። የነዳጅ መኪና ያለው ደግሞ እንደ ድሮው በማርሽ ይውረድ።

«ከተማ ውስጥ አጥፉት»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በገበያ ቀን ፒያሳና ሰኞ ገበያ አካባቢ ባጃጅ በክንድ ርቀት ያቋርጣል፣ ሰው በመኪና መሐል ይሾልካል፤ ሲስተሙ ያስጠነቅቃል፣ አልፎ አልፎም ያለምክንያት ይይዛል። ከኋላ የሚከተለው ታክሲ እንዲህ ያለ ፍሬን የለውም፤ የሹፌሩ እግር ብቻ ነው ያለው። ሆኖም ይህ ሲስተም ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያሳየው በዚሁ ዓይነት የጅራት ግጭት ላይ ነው፤ የአሜሪካው ኢንስቲትዩት ጥናት በፖሊስ የተመዘገቡ ከኋላ የመግጨት አደጋዎችን በግማሽ እንደቀነሰ አሳይቷል።

በብዙ መኪኖች ሜኑ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ቀደም፣ መካከለኛ ወይም ዘግየት ብሎ እንዲመጣ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ለደሴ መሐል ከተማ «ዘግየት» ይበቃል፤ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ፍሬኑ ግን ይኖራል። ሜኑው በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቶ በትርጉም መተግበሪያ ማንበብ ይቻላል፤ የመረጋጊያ ሲስተሙን ማጥፊያ ከዚህ ጋር ማምታታት ግን አይገባም፤ እሱ ሲጠፋ ራስ-ሰር ፍሬኑም በብዙ ሞዴሎች አብሮ ይጠፋል። ማጥፋት የሚገባባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፦ መኪናው ሲጎተት ወይም በሌላ መኪና ላይ ሲጫን፣ ሮለር ላይ ሲወጣ፣ ልኩ የተለየ ትርፍ ጎማ ሲታሰር፣ ባምፐሩ ወይም መስታወቱ ተነክቶ ገና ሳይስተካከል ሲቀር። በአንዳንድ ሞዴሎች መኪናው ጠፍቶ ሲነሳ ሲስተሙ ተመልሶ ይበራል፤ በሌሎቹ እንደጠፋ ይቀራል፤ ከጋራዥ ሲወጡ ሜኑውን ከፍቶ ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።